ማርሹ እንቢ ሲል፦ «ካምቢዮው ይውረድ» ከመባላችሁ በፊት

ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስትቀይሩ «ግርርር» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርስ ያፋጫል። አጠገባችሁ ሰው ከተቀመጠ ደግሞ ያሳፍራል። የባሰው ግን ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ጋራዥ ትሄዳላችሁ፣ መካኒኩ ማርሽ መቀየሪያውን ሁለቴ ወዝወዝ ያደርግና «በቃ፣ ካምቢዮው ይውረድ» ይላል።

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ካምቢዮ ማውረድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ የሚያስከፍለውም በዚያው ልክ ነው። ከዚያ በፊት ራሳችሁ፣ አንድም መፍቻ ሳትይዙ፣ በአሥር ደቂቃ የምትሞክሯቸው ነገሮች አሉ። ዛሬ የምናወራው ስለነሱ ነው።

ምሳሌ የምናደርጋት መኪና ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ አሜሪካ ያላችሁ «ሚያታ» የምትሏት። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው ለዓለም የታየችው። ሁለት ወንበር፣ ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ። የመረጥናት ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያለ ወጣት ባጠራቀመው ብር ያገለገለ ማንዋል ስፖርት መኪና ልግዛ ሲል መጀመሪያ ከሚያያቸው አንዷ ስለሆነች ነው። አሠራሯም ቀላል ስለሆነ ለማስረዳት ትመቻለች። አዲስ አበባ ላይ ማንዋል ኮሮላ ወይም ቪትዝ የምትነዱም አትሂዱብን፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው። እንዲያውም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያለውን ማንዋል ጠብቆ መያዝ ለእናንተ ይብስባችኋል።

እሺ፣ ማርሽ ሲገባ ውስጥ ምን ይሆናል? ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማውም ይዞራል፣ ግን በተለያየ ፍጥነት። ፍሪሲዮን (ክላች የምትሉትም አላችሁ) ስትረግጡ ሞተሩ ከካምቢዮው ይለያል። በዚያች ቅጽበት ሊገናኙ ያሉት ጥርሶች እኩል ፍጥነት መያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ይጋጫሉ። ይህን የሚያመጣጥነው ሲንክሮ ይባላል። በብዙ መኪና ላይ ከነሐስ የተሠራ ቀለበት ነው። ማርሹን ስትገፉ ቀለበቱ ከማርሹ ጋር ይፋተግና እንደ ትንሽዬ ፍሬን ያገለግላል። ፍጥነቱ ሲስተካከል ጥርሶቹ ዝም ብለው ይገባሉ።

ለምንድነው ታዲያ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ማርሽ ላይ የሚጮኸው? ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ላይ አንደኛው 3.136፣ ሁለተኛው 1.888፣ ሦስተኛው 1.330፣ አራተኛው 1.000 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ሲዞር ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ብትቀይሩ፣ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው ዘንግ ወደ 3,000 ገደማ መውረድ አለበት። ወደ 2,000 ዙር መቀነስ ማለት ነው፣ ያውም በዓይን እርግብታ። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ብትቀይሩ ግን የሚወርደው ወደ 3,750 ብቻ ነው። የሁለተኛ ማርሽ ቀለበት ከሌሎቹ በላይ ትለፋለች፣ ስለዚህ ቀድማ ታልቃለች። በየመብራቱ የምትቀይሩትም እሷኑ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። «ግርርር» ማለት ቀለበቷ ሥራዋን ሳትጨርስ ጥርሶቹ ተገናኙ ማለት ነው። ለምን አልጨረሰችም? አንድም ራሷ አልቃለች፤ አንድም ከአቅሟ በላይ ተጭኖባታል። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ያቺ ቀለበት የምታቀዘቅዘው ቀላሉን ዘንግ ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩ ጋር ትግል ትገጥማለች። ድምፁ የሚሰማው ካምቢዮ ውስጥ ነው፣ ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። «ካምቢዮው ይውረድ» የሚባልባቸው ስንት መኪኖች በዚህ መንገድ እንደሚሳሳቱ መገመት አያቅትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ነው የምንጠረጥረው።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው እንዳይኖር። ሞተሩን አጥፉ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። (አንዱ አልገባ ቢል አትደንግጡ፤ ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ ደግማችሁ ርገጡና ሞክሩ።) ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ያንኑ ድገሙት። ሞተሩ ጠፍቶ እንደ ቅቤ የሚገባ ማርሽ፣ ሞተሩ ሲነሳ ድንጋይ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። ሁለቱም ጊዜ እኩል ከባድ ከሆነ ግን ችግሩ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ሙከራ አትርሱ።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ የኋላ ማርሽ አለላችሁ። ብዙ መኪና ላይ የኋላ ማርሽ ሲንክሮ የለውም፤ ስለዚህ አይዋሽም። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ርገጡ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ፍሪሲዮኑ ደህና ቢሆን ዘንጉ በዚያች ጊዜ ውስጥ ስለሚቆም ዝም ብሎ ይገባል። እየጠበቃችሁም ከጮኸ አንድ ነገር ዘንጉን እያዞረው ነው።

ቀጥሎ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ርገጡና ወዲያው ማርሽ አስገቡ። ተሻለ? እንግዲያው ነገሩ የዘይት ግፊት ነው። ኤምኤክስ-5 ላይ ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው በዘይት ነው፤ ከላይ አንድ ፖምፓ፣ ከታች ካምቢዮው ጎን ሌላ ትንሽ ፖምፓ አለ። አሜሪካ መለዋወጫ ቤት ስትሄዱ የላይኛውን ማስተር ሲሊንደር፣ የታችኛውን ስሌቭ ሲሊንደር ብላችሁ ጠይቁ። የታችኛው በሁለት ብሎን ውጭ ላይ የተሰቀለ ስለሆነ ለመቀየር ካምቢዮ አይወርድም። በድሮዎቹ ኤምኤክስ-5 ላይ እርጅና ሲመጣ ቶሎ ከሚያፈሱት ዕቃዎች አንዱ ይኸው ነው። የአቧራ መከላከያ ጎማውን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ተገኘ። አንዱን ስትቀይሩ ሌላውንም ብትቀይሩ ጥሩ ነው፤ ዕድሜያቸው እኩል ነውና። ከዚያ አየሩ በደንብ ይውጣ። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ቸኩሎ «ቀየርኩት፣ አልተሻለም» ይላል።

ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለውን የፍሪሲዮን ዘይት ዕቃም እዩ። ጎድሏል? የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ጠቁሯል? ውስጡ ያሉት ጎማዎች እያለቁ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ከፍሬን ዘይት ጋር አንድ ዕቃ ይጋራል፤ እንደዚያ ከሆነ መጉደሉን በጭራሽ ቸል አትበሉ፣ የፍሬናችሁ ጉዳይ ነው።

እንዳትስቁ፣ ምንጣፉንም አንሱት። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ከፔዳሉ ሥር ተጣጥፎ ፍሪሲዮኑ እስከ ታች እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል። የዚህ ችግር መፍትሔው ነፃ ነው።

ግፊቱ ደህና ሆኖ ፍሪሲዮኑ አሁንም የማይለቅ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተጣመመ ዲስክ፣ የሞተ ኩሽኔታ፣ ወይም ለወራት ቆማ ከቮላኖው ጋር በዝገት የተጣበቀ ዲስክ። እዚህ ላይ ካምቢዮው ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ለፍሪሲዮን ተብሎ ነው፣ ካምቢዮው ሊፈታ አይደለም። የዋጋ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ መካኒኩን በግልጽ ጠይቁት።

ፍሪሲዮኑ ፈተናውን ካለፈ የምንጠይቀው «መቼ ነው የሚያስቸግረው?» ብለን ነው። ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ ከሆነና ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚለቅ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ነው፤ ቀለበቷ ዘይቱን ጠርጋ ማርሹን እስክትይዝ ጊዜ ይወስድባታል። የድሮ ፌራሪ የሚነዱ ሰዎች እንኳ ካምቢዮው እስኪሞቅ ሁለተኛ ማርሽን ዘለው ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ይሄዳሉ። በስንት ገንዘብ የተገዛ መኪና ማለት ነው።

ግን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ ቀይሩት። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ሁለት ሊትር ገደማ ነው የምትወስደው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የማርሽ ዘይት ጣሳ ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል ታገኛላችሁ። አምስት ከአራት ስለሚበልጥ ይሻላል ብላችሁ እንዳትገዙ። ጂኤል-5 በዋናነት የተሠራው ለዲፈረንሻል ነው፤ ግፊት የሚቋቋም የድኝ ውህድ በብዛት ስላለበት አንዳንዱ የነሐሱን ቀለበት ይጎዳዋል፣ ወይም ከመጠን በላይ ያንሸራትተዋል። ቀለበቷ ደግሞ ሥራዋ መፋተግ ነው። የመኪናችሁ መመሪያ ሁለቱንም ከፈቀደ ችግር የለም፤ ጂኤል-4 ብቻ ካለ ግን ሻጩ ምንም ቢላችሁ እሱኑ አድርጉ። አሮጌው ዘይት ሲወርድም በጨርቅ ነካ አድርጋችሁ እዩት። ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ የነሐስ ብናኝ የቀለበት እርጅና ነው። በጣት የሚያዝ ብረት ከወጣ ግን ጥርስ ተሰብሯል፤ መንዳት አቁሙ።

መቀየሪያው ራሱ ልል ሆኖ «የት ነው ያለሁት?» የሚያሰኛችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ኤምኤክስ-5 ላይ መቀየሪያው በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ነው የተተከለው፤ ሥሩ የፕላስቲክ ማቀፊያና ትንሽ የጎማ መሸፈኛ አለ። እነዚህ ሲያልቁ ማርሹ ይላላል፣ ሙቀትና ድምፅም ወደ ውስጥ ይገባል። ዕቃዎቹ ርካሽ ናቸው፣ ከላይ ስለሚፈቱም መኪና ሥር አያስገቡም። ኮሮላና ቪትዝ ላይ መቀየሪያው ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በገመድ ከሆነ፣ የገመዱን ጫፍ ጎማዎች እዩ። እግረ መንገዳችንን፦ ቪዲዮ ላይ አይታችሁ አጭር መቀየሪያ ያስገጠማችሁ ልጆች፣ እጀታው ሲያጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ካምቢዮው አልከበደም፣ እናንተ ናችሁ ያከበዳችሁት።

የሚቀረው ራሷ ቀለበቷ ናት። ምልክቷ ግልጽ ነው፤ አንድ ማርሽ ብቻ፣ ሞተሩ ሲሞቅም፣ በተለይ ቶሎ ስትቀይሩ። ለማረጋገጥ የድሮ ከባድ መኪና ሾፌሮች ዘዴ አለ። ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ማርሹን ባዶ ላይ አድርጉ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፣ ደግማችሁ ርገጡና ሁለተኛን አስገቡ። በዚህ መንገድ ዘንጉ ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ ለቀለበቷ ብዙ ሥራ አይቀርላትም። እንዲህ ስታደርጉ ድምፁ ከጠፋ፣ ያለቀችው ቀለበቷ ናት። ወደ ሁለተኛ ስትመለሱም ባዶው ላይ ሳላችሁ ነዳጅ ረገጥ አድርጋችሁ ሞክሩት። በዚህ አነዳድ ገንዘብ እስክታገኙ መቆየት ይቻላል። ማርሹ ከገባ በኋላ ነዳጅ ስትለቁ ተመልሶ የሚወጣ፣ ማለትም ማርሽ የሚተፋ ከሆነ ግን አትቆዩ፤ ዳገትና ቁልቁለት ላይ አደጋ ነው።

ፍሪሲዮኑን ችላ ብላችሁ በጉልበት እየቀየራችሁ ከቀጠላችሁ የሚሆነውን ከላይ ካልነው ትደርሱበታላችሁ። ቀለበቷ በየቀኑ ከሞተሩ ጋር ትታገላለች። ሁለት ብሎን ፈትቶ የሚያልቀው ሥራ ከጥቂት ወራት በኋላ ካምቢዮ መፍታት ይሆናል።

መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ ሻጩን ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት። እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ቀዝቅዞም ሞቆም ንዱት፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መልሱት፣ የኋላ ማርሹን ሙከራ አድርጉ።

ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ «ማርሹ ያስቸግራል» ብላችሁ ብቻ አትግቡ። እንዲህ በሉ፦ «ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ይገባል፤ ሲነሳ አንደኛና የኋላ ማርሽ ይከብዳል፤ ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጠው ይሻለዋል። የታችኛውን ፖምፓ እይልኝ።»