ከኮሮና የተረፈው ድካምና የኩዌት ቤቶች

በኩዌት ምድር የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ሕሙማን፣ ከኢራን ከመሽሐድ ከተማ የተመለሱ መንገደኞች፣ የተገኙት የካቲት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ አምስተኛውም ዓመት በ2017 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን ሞላ። ስለዚያ ዘመነ መከራ ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነሣው፣ ጅሊብ አል ሹዩኽና መህቡላ የሚባሉት የሠራተኞች ሠፈሮች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 መታጠራቸው፣ በሜይ ወርም ከ10ኛው እስከ 30ኛው ቀን አገሩ ሁሉ ደጁን ዘግቶ መክረሙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የአደጋውን አዋጅ በሜይ 5 ቀን 2023 ካነሣ ወዲህ ነገሩ እንዳበቃ ተቆጠረ። ከደዌው ተርፈው፣ ምርመራቸው ንጹሕ ተብሎላቸው፣ ነገር ግን ጉልበታቸው ያልተመለሰላቸው ገመምተኞች ተረሱ። ይህ ዓይነቱ መዘንጋት ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው የዳኑበትን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በየዓመቱ በኅዳር ጭስ ስናስታውስ፣ ከሞት የተረፉት ሰዎች ከዚያ በኋላ እንዴት ውለው እንዳደሩ የሚናገር እምብዛም የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2021 ባወጣው ብያኔ፣ ሰው በኮሮና ከተያዘ ሦስት ወር ገደማ በኋላ የሚገኝ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታም የማይመካኝ ሕመም ሁሉ ድኅረ ኮሮና ሕመም (ሎንግ ኮቪድ) ተብሎ ይጠራል። ከምልክቶቹ ሁሉ የሚከብደው ድካሙ ነው። የዚህም ድካም ክፋቱ በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በአመጣጡ ነው፤ ሕመምተኛዋ ዛሬ እንደ ምንም ብላ የፈጸመችው ሥራ ዛሬ ሳይጎዳት ያልፍና፣ በማግሥቱ ወይም በሣልስቱ ግርሻ ሆኖ አልጋ ላይ ይጥላታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ብትተኛ እንኳ እንቅልፉ አያሳርፋትም። የአምስተርዳም ተመራማሪዎች በጃንዋሪ 2024 ባሳተሙት ጥናት፣ 25 ሕሙማንና 21 ጤነኞች ለሩብ ሰዓት ያህል ብስክሌት እንዲጋልቡ አድርገው፣ ከዚያ በፊትና በማግሥቱ ከጭናቸው ጡንቻ ጥቂት ቆርጠው ቢመረምሩ፣ የሕሙማኑ ሳንባና ልብ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ በጡንቻቸው ሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ሥራው ተዳክሞ፣ ጡንቻው ራሱም ተጎድቶ ተገኘ። እኔ ከዘመኑ ጥናቶች ሁሉ ይህንን አስቀድማለሁ፤ «ሰውነቴ ዛለ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» የሚለውን የሕሙማን ቃል ከሥጋቸው ውስጥ አውጥቶ አሳይቷልና።

ስለ መንሥኤው የሚነገረው ብዙ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቀረ ቫይረስ፣ በደቡብ አፍሪካ የስቴለንቦሽ ሊቃውንት የሚከተሉት የረቀቀ የደም መርጋት፣ የሴሮቶኒን ማነስ፣ ያንቀላፋ የቆየ ሌላ ቫይረስ መቀስቀስ። ሁሉም ደጋፊ አለው፤ አንዱም ገና ሁሉን አላሳመነም። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው፤ በስታንፎርድ ፓክስሎቪድን ለ15 ቀን ያስወሰደው ሙከራ በ2024 እንደ ተገለጸው ከማስመሰያው ክኒን የተሻለ ውጤት አላሳየም።

ነገሩ የሚከርረው ግን ስለ ዕረፍት በተነሣው ክርክር ላይ ነው፤ ይህም ከኮሮና በፊት የቆየ ነው። በጁላይ 1955 በለንደን በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ምንነቱ ያልታወቀ ደዌ ተነሥቶ ከሠራተኞቹ 292 ያህሉን ስለ ጣለ፣ ሆስፒታሉ እስከ ኦክቶበር ድረስ ተዘግቶ ቆየ። ከታመሙት የሚበዙት ሴቶች፣ ይልቁንም ነርሶች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለብዙ ዘመን ከድካም አልዳኑም። በ1970 ማክኢቬዲና ቢርድ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች፣ ከታመሙት አንዲቱን እንኳ ሳይጠይቁ መዛግብቱን ብቻ አገላብጠው፣ ደዌው የጅምላ ሂስቴሪያ ነበር ብለው ጻፉ፤ ካቀረቡትም ማስረጃ አንዱ ሕሙማኑ በብዛት ሴቶች መሆናቸው ነበር። በዚያው ሆስፒታል የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የነበሩት ሜልቪን ራምዚ ግን፣ ሕሙማኑን በዓይናቸው አይተው በእጃቸው መርምረዋልና፣ በ1990 እስኪሞቱ ድረስ ደዌው የአካል ሕመም መሆኑን፣ ዕረፍትም ቀዳሚው ሕክምና መሆኑን ከማስተማር አልተቈጠቡም። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ላከብረው የምወደው ሰው እርሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ፔስ የተባለው፣ ከኮሮና በፊት በታወቀው በዚህ ዓይነት የድካም ደዌ የተያዙ 641 ሕሙማን የተካፈሉበት የእንግሊዝ ጥናት፣ እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ መጨመር ይጠቅማል ብሎ ታተመ፤ በየአገሩም ሐኪሞች «ተነሥ፣ ተራመድ፣ ትለምደዋለህ» ማለትን ከእርሱ ተማሩ። ይሁን እንጂ ወደ ጥናቱ ለመግባት የሰውየው የአካል ብቃት ከ100 ነጥብ 65 ወይም ከዚያ በታች መሆን ሲገባው፣ በኋላ ከመዳን መለኪያዎቹ አንዱ 60 ነጥብ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ መለኪያ ከገባበት ይልቅ ደክሞ የወጣ ሰው እንደ ዳነ ሊቈጠር ይችል ነበር። መረጃውም ለሕዝብ የተለቀቀው በ2016 በፍርድ ትእዛዝ ነው። በኦክቶበር 2021 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ይህንኑ በዕቅድ እየጨመሩ የማሠራት ሕክምና ለነባሩ የድካም ደዌ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ በምትኩም ሕመምተኛው የአቅሙን ወሰን ዐውቆ፣ ሳይደክም በፊት እንዲያርፍ መከረ።

ሳይደክሙ በፊት ማረፍ! ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱ የራሱ ለሆነ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። በኩዌት፣ በሳልሚያም ሆነ በጃብሪያ በሰው ቤት የምታገለግል እህታችን፣ አቧራ ያዘለው ነፋስ አገሩን አልብሶ ባለፈ ማግሥት ግቢውን፣ መስኮቱን፣ መኪናውን ማጠብ ይጠብቃታል፤ ዓርብ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ምሳ የበላበትን ትሪና ብርድስት ፈግፍጋ፣ ቆማ ስትተኩስ አምሽታ፣ ደረጃ ለደረጃ ወደ ፎቅ ትወጣለች። ደዌው የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚያስተካክለውን ሥርዓት ሲነካ፣ ቆሞ መዋል ብቻውን ልብን ያሯሩጣል፣ ዓይንን ያዞራል፤ ሙቀትም ያብሰዋል። ኩዌት ደግሞ በምጥሪባ በጁላይ 21 ቀን 2016 እስከ 53.9 ዲግሪ የተለካባት አገር ናት። ከጁን እስከ ኦገስት፣ ከቀኑ አምስት እስከ ዐሥር ሰዓት፣ በፀሐይ ላይ መሥራትን የሚከለክለው ትእዛዝ የግንባታ ሠራተኛውን ሲጠብቅ፣ ምድጃ ፊት የቆመችውን አይደርስላትም። የዮሐንስ ወንጌል መፃጉዕ በ38 ዓመት ሕመሙ ላይ የተጨመረበት መከራ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ነበር፤ የእርሷም ነገር ከዚህ አይርቅም። ታምሜአለሁ ብል ማዳም እንደ ስንፍና ትቈጥርብኛለች፣ ወደ መክተብ (ወደ ሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ) ትመልሰኛለች፣ ኢቃማዬም (የመኖሪያ ፈቃዴም) ይበላሻል ብላ ስለምትፈራ ትደብቃለች፤ ሐኪም ዘንድም ብትደርስ ሕመሟን የሚተረጉምላት ብዙ ጊዜ ያችው ማዳም ናት።

እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ የሥራውን ቀን በ12 ሰዓት ወስኖ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመትም ከደመወዝ ጋር 30 ቀን ፈቃድ ደንግጓል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘንድ በጊዜው ቀዳሚ ነበርና ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ በየቤቱ ገብቶ አፈጻጸሙን የሚመለከት መርማሪ አላቆመለትም። ለዚህ ደዌ ከሁሉ የሚያስፈልገው የሕመም ፈቃድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አጠቃላይ የሥራ ሕግ ለሌላው የግል ሠራተኛ በዓመት 15 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ከዚያም በኋላ ደመወዙ እየቀነሰ የሚሄድ ተጨማሪ ቀን ሲሰጥ፣ የቤት ሠራተኛዋን ከመጀመሪያውም ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል፤ የራሷም ሕግ እንደዚህ በዝርዝር የተቈጠረ የሕመም ቀን አልጻፈላትም። አዲስ አበባና ኩዌት ስለ ሠራተኛ ስምምነት ለመነጋገር ሲቀመጡ፣ ከደመወዙ መጠን ጋር እነዚህ 15 ቀኖች በውሉ ላይ ይጻፉ።