ወፍራሙን ድምፅ ቤት ማስገባት፦ ስለ ሳብዉፈር ምርጫና አቀማመጥ

(በደምበጫ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተገለበጠ)



ለአንድ የፊዚክስ መምህር የዛሬው ርእስ የቀለለ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የቤተሰብን ኪስም የጎረቤትን እንቅልፍም የሚነካ ጉዳይ ነውና በሚገባው ክብደት ልይዘው እወዳለሁ። ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሳብዉፈር ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው፣ በተለምዶ «ቤዝ» የምንለውን መሣሪያ ማለቴ ነው፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ከካርቶኑ ላይ ትልቁን ቁጥር ያሳየዋል። ቤት ሲደርስ ግን ያ ቁጥር ሙዚቃ ሳይሆን ጉምጉምታ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም ሳሎን ውስጥ የምንሰማው ወፍራም ድምፅ የመሣሪያው ሥራ ብቻ ሳይሆን የክፍሉም ሥራ ነው፤ እንደ እኔ ግምት ከግማሽ የማያንሰው ድርሻ የክፍሉ ነው። ክፍሉ ደግሞ በካርቶን አይሸጥም።

በቅድሚያ ወፍራም ድምፅ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጽ። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርሱ እርግብግቢቶችን ይሰማል፤ አንዱን እርግብግቢት በሰከንድ አንድ ኸርዝ እንለዋለን። ሳብዉፈር የሚሠራው በዚህ መሰላል የመጨረሻው ታችኛ እርከን፣ ከ20 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። የከበሮ ሰፊው ፊት ሲመታ ደረታችን ላይ የሚሰማን ግፊትም ከዚሁ ሰፈር ነው። ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻውን ስምንት ሜትር ተኩል ይረዝማል። የ10,000 ኸርዝ ቀጭን ድምፅ ሞገድ ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ልብ በሉ፤ ወፍራሙ ሞገድ ከሳሎናችን ይበልጣል። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐቅ የሚመነጭ ነው።

እዚህ ላይ ስለ በገና ጥቂት ልበል። ጅማቱ በሚያርፍበት ቦታ የምትገባው እንዚራ ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትፈጥረው ከመሠረታዊው ወፍራም ድምፅ በላይ ብዙ አጃቢ ድምፆችን በማፍለቅ ነው። አእምሯችን አጃቢዎቹን ሰምቶ መሠረቱን ራሱ ይገምታል። በስልክ ትንሽ ስፒከር የበገና መዝሙር ስንሰማ፣ ስፒከሩ ያንን ወፍራም ድምፅ ማውጣት ባይችልም፣ በገና መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው። ሳብዉፈር ይህን ግምት ወደ እውነተኛ ግፊት ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ በቅጂው ውስጥ የሌለውን ሊፈጥር አይችልም፤ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ዘፈን ቤዙ አንዴ ከጠፋ ጠፍቷል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ብናዞረው የምንሰማው ጉምጉምታውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንመለስ። በካርቶን ላይ «10,000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ ብታዩ አንድ ቀላል ስሌት አስሉ። የቤታችን ኃይል 220 ቮልት ነው። 10,000 ዋት ለመሳብ 45 አምፔር ያስፈልጋል፤ የሳሎን ሶኬት ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ወዲያው ይወድቃል። ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር የጋራ መለኪያ ሕግ የሌለው የገበያ ቁጥር ነው። ይልቅስ መሣሪያውን አዙራችሁ ከጀርባው የተለጠፈውን ምልክት አንብቡ። እዚያ «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» የሚል ካገኛችሁ እውነቱ ወደዚያ ይቀርባል፤ ማንኛውም ማጉያ ከሶኬት ከወሰደው በላይ በቋሚነት ሊሰጥ አይችልምና። አርኤምኤስ የሚል ቁጥር ከተጻፈም እሱን ተመልከቱ። በዚህ ላይ ደግሞ ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ50 ወደ 100 ዋት ለመሸጋገር የሚጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ ለጆሮ የሚያተርፈው እንግዲህ ይህን ታህል ነው።

ከዋት ይልቅ የሚበጀው ስፒከሩ ምን ያህል አየር መግፋት እንደሚችል መመልከት ነው። ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር ያንኑ የድምፅ መጠን ለማግኘት አራት እጥፍ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከባለ 8 ኢንች ሁለት እጥፍ ከሩብ የሚሆን ስፋት አለው። ለአራት በአራት ሳሎን ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች፣ ሣጥኑ ከወፍራም እንጨት የተሠራና ሲያነሡት የሚከብድ፣ ከበቂ በላይ ነው። ሣጥኑ ዝግ ከሆነ ድምፁ ወደ ታች ቀስ እያለ ይደክማል፤ ቀዳዳ ያለው ከሆነ እስከ አንድ ወለል ድረስ ይበረታና ከዚያ በታች በድንገት ይወድቃል። ለትንሽ ክፍል እኔ ዝጉን እመርጣለሁ፤ ክፍሉ ራሱ ታችኛውን ድምፅ ስለሚደግፈው ነው።

«ታዲያ የሠርግ ዲጄዎች ለምን ያን ያህል ትልቅ ሣጥን ያመጣሉ?» ትሉኝ ይሆናል። ዳስ ውስጥ ወፍራም ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ሸራው ያሳልፈዋል፣ ሜዳው ይውጠዋል። ለዳስ የተሠራ መሣሪያ ለሳሎን መግዛት የድግስ ብረት ድስት ለሁለት ሰው ወጥ እንደ መጣድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የጉዳዩ እምብርት ነው። ድምፅ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ፣ የክፍሉ ርዝመት የሞገዱ ግማሽ በሚሆንበት ድግግሞሽ ላይ ሞገዱ በራሱ ላይ ይደራረባል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ይህ የሚደርሰው በ43 ኸርዝ ነው፤ በ5 ሜትር በ34፣ በ3 ሜትር በ57። በዚያ ድግግሞሽ ግድግዳዎቹ አጠገብ ድምፁ ያብጣል፤ ክፍሉ መሐል ላይ ሊጠፋ ይደርሳል። አራት በአራት በሆነ ክፍል ደግሞ ርዝመቱም ወርዱም በአንድ 43 ኸርዝ ላይ ይገናኛሉና እብጠቱ እጥፍ ነው። ለዚህ ነው አንዱ የቤዝ ኖታ ሲመጣ ቤቱ የሚጮኸው፣ ቀጣዩ ሲመጣ የት እንደገባ የማይታወቀው። እኛ ደግሞ እንደ ባህላችን ሶፋውን ሁሉ ግድግዳ አስጠግተን፣ ቴሌቪዥኑንና ሳብዉፈሩን ጥግ ላይ እንሰበስባለን። እንግዳውም መሣሪያውም እብጠቱ ላይ ተቀመጡ ማለት ነው።

የግድግዳው ዓይነትም ይለያል። በሲሚንቶ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ አብዝቶ ይመልሳል። የቺፑድ ኮርኒስ ከበስተኋላው ባዶ አየር ስላለው እየተርገበገበ የተወሰነውን ይውጣል። የጭቃ ቤት ባለቤቶች በዚህ ረገድ የሚያፍሩበት ነገር የለም፤ የእንጨትና የጭቃው ግድግዳ እንደ ብሎኬት አይጮኽም። ጣጣው ያለው ከላይ ነው፤ ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ፣ የቡፌው መስታወት፣ በላዩ የተደረደሩት ብርጭቆዎች። ከሳብዉፈሩ መጣ ተብሎ የሚታማው መንቀርቀር ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ነው። ሻጩ ዘንድ ከመመለሳችሁ በፊት ቡፌውን በእጃችሁ ያዝ አድርጉት።

ቦታ ለመምረጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ሳብዉፈሩን እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ፣ ከተቻለም በወንበሩ ላይ አስቀምጡ። ኖታው በእኩልነት የሚወጣና የሚወርድ የቤዝ ጊታር ያለበት ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ ጆሯችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ተንቀሳቀሱ። ልጆች ይስቁባችሁ ይሆናል፤ ተዉአቸው። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ዘዴው የሚሠራው ምንጭና ሰሚ ቦታ ቢለዋወጡ በመካከላቸው ያለው የድምፅ መንገድ ስለማይለወጥ ነው። በካሬ ክፍል ብዙውን ጊዜ መልሱ ከጥጉ ወጥቶ ወደ አንዱ ግድግዳ አጋማሽ ይቀርባል። ጥግ ወለሉንና ሁለቱን ግድግዳዎች ስለሚያስተባብር ድምፁን በብዙ ዴሲቤል ያጎላዋል፤ መሣሪያው ትንሽ፣ ክፍሉም ካሬ ካልሆነ ይህን ነፃ ስጦታ መውሰድ ይቻላል።

አቅም ካለ፣ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ትናንሽ ይሻላሉ። ቶድ ዌልቲ የተባለው የአኮስቲክስ ባለሙያ በ2002 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ስንት ሳብዉፈር እንደሚበቃ መርምሮ፣ በተቃራኒ ግድግዳዎች አጋማሽ የተቀመጡ ሁለቱ ድምፁን በመቀመጫዎቹ ሁሉ ለማመጣጠን እጅግ እንደሚጠቅሙ አሳይቷል። አንዱ ያሳበጠውን ሌላው ስለሚያረግበው ነው።

ማስተካከያዎቹ ጥቂት ናቸው። ክሮስኦቨር የሚባለው ቁልፍ ሳብዉፈሩ የት ላይ ሥራውን ለትንንሾቹ ስፒከሮች እንደሚያስረክብ ይወስናል፤ ከ80 ኸርዝ ጀምሩ። ከዚያ በጣም ከፍ ካለ የዘፋኙ ድምፅ ከወለሉ የሚወጣ ይመስላል። ፌዝ የሚለውን ማብሪያ በሁለቱም በኩል ሞክሩና ከመቀመጫችሁ ቤዙ ሞልቶ የሚሰማበትን ያዙ። መጠኑን ደግሞ ሳብዉፈሩ ሲጠፋ ብቻ መኖሩ እስኪታወቅ ድረስ ዝቅ አድርጉት። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ጆሯችን በዝቅተኛ መጠን ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል። ማታ ቀስ ብለን ስናዳምጥ ቤዙን የምናሳድገው ለዚህ ነው፤ በማግሥቱ ሙዚቃውን ከፍ ስናደርግ ያ የማታው ቁልፍ እዚያው ይቆያል። መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚከሰተው የቮልቴጅ ዝላይ ማጉያውን ሊያቃጥል ይችላልና።

የቀረው የጎረቤት ነገር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው ደረጃ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሚለካው «ኤ» በሚባለው ሚዛን ሲሆን፣ ሚዛኑ በ50 ኸርዝ ላይ ካለው ድምፅ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር 75 ዴሲቤል የሆነ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ በመሣሪያው ላይ 45 ብቻ ሆኖ ይነበባል። ደንቡ ተከብሯል፤ በግድግዳው ማዶ ያለው ሕፃን ግን አልተኛም። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙን ለማስቀረት ግን በጣም ከባድ ግድግዳ ይጠይቃል፤ ኪራይ ቤቶቻችን ያን የላቸውም። ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅም በፎቅ ላይ ላለ ኮንዶሚኒየም ጥቂት ይረዳል እንጂ በአየር የሚሄደውን አያግደውም።

ስለዚህ ሳብዉፈሩን ከጋራው ግድግዳ አርቁት። ከዚያም በአንድ ምሽት ዘወትር የምታዳምጡትን ዘፈን ክፈቱና ቁልፉን ለልጃችሁ ሰጥታችሁ ጎረቤታችሁ ቤት ግቡ፤ ቡና ከተፈላ ጠጡ። ከጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ አዳምጡ፣ «ቀንስ» እያላችሁም በስልክ ንገሩት። እዚያ መኝታ ቤት ውስጥ ጉምጉምታው የማይሰማበት ልክ ላይ ሲደርስ ልጁ ቁልፉ አጠገብ ትንሽ ፕላስተር ይለጥፍ። ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቁልፉ ከፕላስተሩ አያልፍም።