«ከፍተኛ ግፊት» እና «ከልክ ያለፈ ግፊት»፤ በፓምፕ አመራረጥ ረገድ የስያሜ ጉዳይ

የፋብሪካ ፓምፕ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ችግር «ግፊት» የሚለው ቃል ብቻውን አለመብቃቱ ነው። «ኦቨርፕሬዠር» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ «ከፍተኛ ግፊት» የሚል አቻ ሲሰጥ ትርጉሙ ይዛባል። ለ40 ባር የተሠራ ቧንቧ 30 ባር ቢሸከም ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን ከልኩ አላለፈም። ለ6 ባር የተሠራ ጋን 9 ባር ቢደርስበት ግን፣ አኃዙ አነስተኛ ቢመስልም፣ ለጉዳት ይጋለጣል። ቁም ነገሩ የግፊቱ ብዛት ሳይሆን የወሰኑ መታለፍ ስለ ሆነ «ከልክ ያለፈ ግፊት» የሚለው ስያሜ ይመረጣል።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ሄድ» ነው። ቃል በቃል «ራስ» ቢባል ትርጉም አይሰጥም፤ «ግፊት» ቢባል ደግሞ ያሳስታል። የፓምፕ ሠሪዎች ይህን መጠን የሚገልጹት በሜትር ነው። 100 ሜትር ለውኃ 9.8 ባር ያህል ሲሆን፣ በሜትር ኩብ 800 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ዘይት 7.8 ባር፣ 1,840 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰልፈሪክ አሲድ ግን 18 ባር ያህል ይሆናል። ስለዚህ «የማንሻ ከፍታ» ማለት ሁለቱን መጠኖች ለይቶ ያሳያል።

የፓምፕ ዓይነት ስያሜም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የሴንትሪፉጋል ፓምፕ መውጫ ሲዘጋ ግፊቱ ከአንድ ጣሪያ አያልፍም፤ ጣሪያውም የመግቢያው ግፊትና ፓምፑ በዝግ መውጫ የሚጨምረው ግፊት ድምር ነው። መራጩ ቧንቧው ይህን ድምር መቻሉን ያረጋግጣል። የፒስተን ፓምፕ ግን በየምቱ የተወሰነ መጠን ፈሳሽ ስለሚገፋ፣ መውጫው ቢዘጋበት ሞተሩ እስኪቆም ወይም አንድ ክፍል እስኪሰበር ድረስ ግፊቱ ያድጋል። በዚህ ምክንያት ከፓምፑ ቀጥሎ፣ ከመጀመሪያው መዝጊያ በፊት፣ «ሪሊፍ ቫልቭ» ይገጠማል።

ይህን ቫልቭ «መቆጣጠሪያ ቫልቭ» ብሎ መተርጐም አደገኛ ስሕተት ነው፤ መቆጣጠሪያ ቫልቭ በዘወትር ሥራ ፍሰትን የሚመጥን ሌላ መሣሪያ ነውና። «ሴፍቲ ቫልቭ» የሚባለውም በተለይ ለእንፋሎትና ለጋዝ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ የሚከፈተው ሲሆን፣ ሪሊፍ ቫልቭ ግን ለፈሳሽ እንደ ግፊቱ ጭማሪ በመጠኑ የሚከፈት ነው። ለመጀመሪያው «የደኅንነት ቫልቭ»፣ ለሁለተኛው «ማስተንፈሻ ቫልቭ» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል።

እንግዲህ በዚህ መስክ የቃል አመራረጥ የአነጋገር ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መመሪያውን አንብቦ መዝጊያውን የሚዘጋው ሠራተኛ ሕይወት በቃሉ ትክክለኛነት ላይ ያርፋል።