የስልቻው አፍ ሲላላ

«ጨጓራ አለብኝ።» ከጋይንት እስከ ፎገራ፣ ከእብናት እስከ እስቴ የሆዱ ነገር የከፋበት ሰው ሁሉ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ቁስሉም፣ ባክቴሪያውም፣ ንፋሱም፣ ከቀይ ወጥ በኋላ ደረት ላይ የሚነደው እሳትም አንድ ስም ወጥቶላቸው በአንድ ፓኮ እንክብል ይታከማሉ። የዛሬው እንግዳችን ግን ጨጓራ ውስጥ ያለ ቁስል አይደለም። ከጨጓራው በላይ፣ በሩ ላይ ያለ ብልሽት ነው። ቃር ሲደጋገምና ዓመት ሲያስቆጥር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ በር ላይ ነው።

ስልቻ ጭኖ ገበያ የወጣ የፋርጣ ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ስልቻው እህል ሲሞላ አንገቱ በጠፍር ይታሰራል። ጠፍሩ ቦታውን እስከያዘ ድረስ አህያዋ ቁልቁለት ብትወርድ፣ ጭነቱም ቢገለበጥ እህሉ አይፈስም። ጨጓራም ስልቻ ነው፤ አንገቱ ከላይ የሚመጣው የምግብ ቧንቧ መጨረሻ ነው። ይህ አንገት ራሱን ችሎ የሚጨመቅ ጡንቻ አለው። በዚያ ላይ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ሰፊ ጡንቻ ቧንቧው በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲገጥሙ በሩ ጥብቅ ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ የጨጓራው አናት ወደ ደረት ሲሾልክ ግን ጠፍሩ ከአንገቱ ተንሸራቶ የስልቻውን ሆድ ያስራል፤ አፉ ይላላል። ሐኪሞች ሃያታል ሄርኒያ የሚሉት ይህንን ነው። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ወጣ ገባ የሚል፣ ብዙ የማያስፈራ ዓይነት ነው። ሄርኒያው ኖሮባቸው ቃር ምን እንደሆነ የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ሄርኒያ ሳይኖርባቸው ቃር የሚያንገበግባቸውም እንዲሁ።

ሕመሙ ራሱን የሚያጋልጠው ጎንበስ ሲሉ ነው። አረም ላይ የዋለች ሴት፣ ድንች ስትለቅም ያጎነበሰች፣ ስምንተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር፣ በሰሞነ ሕማማት ስግደት ላይ ያለ ካህን ሁሉም አንድ ነገር ይናገራሉ፦ ከእምብርት በላይ ተነሥቶ በደረት አጥንት ጀርባ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ እሳት፣ አንዳንዴም አፍ ድረስ የሚመጣ ኮምጣጣ ውሃ። ማታ እራት በልተው ወዲያው ሲጋደሙ ይብሳል። እንቅልፍ ላይ ሳል የሚቀሰቅሳቸው፣ ጠዋት ድምፃቸው ሻካራ የሚሆንባቸውም አሉ። የጨጓራ ቁስል ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው እምብርት በላይ ይቆፍራል እንጂ አይወጣም። ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ላብ የሚያስጠምቅና ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም ደግሞ ቃር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የልብ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው።

ስለ ባክቴሪያው አንድ ነገር ልበል፤ እኛ ዘንድ ብዙ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኤች ፓይሎሪን ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ባክቴሪያው የጨጓራና የአንጀት ቁስል ስለሚያመጣ በአንቲባዮቲክ መታከሙ ትክክል ነው። የላላን በር ግን አንቲባዮቲክ አያጠብቀውም። «የባክቴሪያውን መድኃኒት ሦስት ጊዜ ወሰድኩ፣ ቃሩ አልለቀቀኝም» የሚል ሰው አራተኛውን ዙር ከመጀመሩ በፊት በሽታው ያ መሆኑን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ክኒኑ። ኦሜፕራዞል ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ1988 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ ፓንቶፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል የእሱ ወንድሞች ናቸው። ሥራቸው ከወተትም ከሚታኘከው የአሲድ ማብረጃም ይለያል። የፈሰሰውን አሲድ አያበርዱም፤ አሲዱን የሚረጩትን የጨጓራ ፓምፖች ይዘጋሉ። ፓምፖቹ የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ የሚይዘው የነቃ ፓምፕ ብቻ ነው፤ ደም ውስጥ የሚቆየውም ለጥቂት ሰዓታት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከምግብ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ነው፤ ከምግብ በኋላ አይደለም፣ ሲያቃጥል ብቻም አይደለም። እንክብሉ አይፈታም፣ አይታኘክም።

ይህች ሰዓት ደቡብ ጎንደር ላይ ትንሽ ነገር አይደለችም። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ በሚጾሙበት አገር፣ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚያውሉበት ሰፈር፣ ካርዱ ላይ «ጠዋት አንድ» ብሎ መጻፍ ምን ማለት ነው? ጾመኛው በንጋቱ 12 ሰዓት እንክብሉን ይውጣል፤ ምግብ የሚቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ መሐል መድኃኒቱ ተኝተው የዋሉ ፓምፖችን ሲያንኳኳ ቆይቶ ወጥቷል። ሽሮው ሲመጣ ፓምፖቹ ይነቃሉ፣ የሚይዛቸው ግን የለም። ከዚያ «ይህ መድኃኒት አይረባም» ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቅዳሴ መልስ ጠበሉ ሲቀመስ እንክብሉ አብሮ ይዋጥ፣ መሶቡ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሕመሙ የጠናበት ደግሞ የንስሐ አባቱን ያነጋግር፤ በሽተኛን ጹም ብሎ የሚያስገድድ ሥርዓት የለም።

ያለ ሰዓቱ ውጦ «አይረባም» ማለት እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ በክኒንና የላላውን በር በሚያጠብቀው ቀዶ ሕክምና መካከል ለሚያመነታ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች «መድኃኒቱ አልሠራልንም» ያሉ 366 ሰዎች ተሰበሰቡ። መጀመሪያ ኦሜፕራዞሉን ለሁለት ሳምንት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሰዓቱ እንዲወስዱ ተደረገ፤ 42ቱ በዚያው ተሻላቸው። በኢንዶስኮፒ፣ በቧንቧ ግፊት መለኪያና አሲዱን ሌት ተቀን በሚቆጥር መሣሪያ ሲመረመሩ የ99ኙ ቃር ወደ ላይ ከሚመለስ አሲድ ያልመጣ ሆኖ ተገኘ፤ 23ቱ ሌላ የምግብ ቧንቧ በሽታ ነበረባቸው። ምርመራውን ያልጨረሱትና በሌላ ምክንያት የቀሩት ተቀንሰው እውነተኛ ችግር ያለባቸው 78 ብቻ ቀሩ። ከእነዚህ መካከል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 67 በመቶው ተሻላቸው፤ በመድኃኒት ላይ መድኃኒት የተጨመረላቸው ግን 28 በመቶ ብቻ። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ቀዶ ሕክምናው ለሚገባው ሰው በእርግጥ ይሠራል። የሚገባው ሰው ግን ይገባኛል ከሚለው እጅግ ያነሰ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። ሩዶልፍ ኒሰን አይሁዳዊ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. ከሂትለር አገር ወጥቶ ኢስታንቡል ገባ። እዚያ አንድ በሽተኛ ላይ የምግብ ቧንቧውን ታችኛ ክፍል ቆርጦ ከጨጓራ ጋር ከሰፋ በኋላ ስፌቱ እንዳያፈስ በጨጓራው አካል ሸፈነው። ከዓመታት በኋላ የሰውዬው ቃር መጥፋቱን አስተዋለ። በ1955 ነገሩን ሆን ብሎ ሠራው፤ በ1956 አሳተመው። ዘዴው መቀነት መታጠቅን ይመስላል፦ የሾለከው ጨጓራ ወደ ሆድ ይመለሳል፣ የሰፋው የድያፍራም ቀዳዳ በስፌት ይጠብባል፣ ከዚያ የጨጓራው አናት በምግብ ቧንቧው መጨረሻ ዙሪያ ተጠምጥሞ ይሰፋል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ ይሠሩታል።

መቀነት ደግሞ ሲጠብቅ ያስጨንቃል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ጠጣር ምግብ አልወርድ የሚላቸው አሉ፤ ማግሳት አቅቷቸው ሆዳቸው የሚነፋባቸውም አሉ፤ ማስታወክ የማይችሉም አሉ። በሽምብራና በባቄላ ለሚጾም ሰው የንፋሱን ነገር አቅልሎ ማየት አይገባም። መቀነቱም ይፈታል፦ ስዊድን ውስጥ በዚህ ዘዴ የታከሙ 2,655 ሰዎች ሲከታተሏቸው በ17.7 በመቶው ቃሩ ተመልሷል፤ አብዛኞቹም ወደ ክኒናቸው ተመልሰዋል። «አንዴ ተቀድጄ ልገላገል» የሚለው ሁልጊዜ እንደማይሆን ይህ ቁጥር ይናገራል።

ክኒኑስ ለዓመታት ሲዋጥ አይጎዳም? ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቱም ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። 17,598 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ያህል በተከታተለው በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ፓንቶፕራዞል የወሰዱት ካልወሰዱት ጎልቶ የተለዩበት አንድ ነገር የአንጀት ኢንፌክሽን ነበር፤ እሱም 1.4 በመቶ በ1.0 በመቶ ላይ። አሲድ የጀርም ዘበኛ ነውና ዘበኛውን ያስተኛ ሰው የምንጭ ውሃውን አፍልቶ ይጠጣ። ሌላው ቫይታሚን ቢ 12 ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ሲሆን ከምግቡ ለመለየት አሲድ ያስፈልገዋል። ዓመቱን አጋምሶ የሚጾም፣ በላዩም ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚውጥ ሰው እግሩን የሚያደነዝዘው ወይም ድካም የሚያበዛበት ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ያንሣ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ድንገት ማቆም። ዴንማርክ ውስጥ ምንም ቃር የሌለባቸው ጤነኞች ለስምንት ሳምንት ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ወስደው ሲያቆሙ 44 በመቶዎቹ ቃር ወይም ሌላ የአሲድ ሕመም ምልክት ጀመራቸው። ታፍኖ የቆየው ፓምፕ ሲለቀቅ ይቆጣል። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒት ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ፓኮው ሳያልቅ ማሰብ፣ ሲቆምም በአንዴ ሳይሆን እየቀነሱ ማቆም ይበጃል።

ታዲያ የደብረ ታቦር ሰው ምን ይምረጥ? የኔ ፍርድ ይህ ነው። ተራውን ሄርኒያ ክኒኑ፣ በሰዓቱ ከተወሰደ፣ ይችለዋል፤ አውሮፓ ውስጥ ሁለቱ ሕክምናዎች ሲወዳደሩ በአምስተኛው ዓመት ክኒን ከወሰዱት 92 በመቶው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 85 በመቶው ደህና ነበሩ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ቀዶ ሕክምና ደጋግሞ የሠራ እጅ ፍለጋ ግን ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዳርም አልፎ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ክትትሉም መመላለስ ነው። ማታ ማታ ምግቡ ወደ አፉ እየተመለሰ የሚያንቀው፣ ክኒኑ ማቃጠሉን አስታግሶ መመለሱን ያላቆመለት፣ አሲዱም በምርመራ የተረጋገጠ ወጣት ከሆነ ግን ጉዞው ያዋጣዋል። ክኒኑ ምንም ያልረዳው ሰው ደግሞ ከቢላዋው በፊት ምርመራውን ይድገም፤ ክኒን የሚሰማ ቃር ቢላዋም ይሰማል፣ የማይሰማው ብዙ ጊዜ ቃር አይደለም። የጨጓራው ግማሽ ከምግብ ቧንቧው ጎን ደረት ውስጥ የተጋደመበት ትልቁ ሄርኒያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደም ያንጠባጥባል፣ ሊጠማዘዝም ይችላል፤ ለሱ ክኒን መልስ አይሆንም።

ለሁሉም የሚሆን፣ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ደግሞ አለ። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት ይቅደም። አልጋ ላይ የሚተኛ ከራስጌው ሁለት እግሮች ሥር ጡብ ይጨምር፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መደብ ላይ የሚተኛ መደቡን ከወገብ ጀምሮ እስከ ራስጌው ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ በጭቃ ይለስነው። ትራስ መደረብ አይረዳም፤ ሰውነትን ሆድ ላይ አጥፎ ስልቻውን ይጨምቀዋል። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል። ጠላው፣ አረቄው፣ ሦስተኛው ስኒ ቡና ማንን እንደሚነካ ግን እያንዳንዱ ከራሱ ሆድ ይማራል፤ ለሁሉ የሚሆን ዝርዝር የለም።

ምግብ አልወርድ ካለዎት፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ደም ካስታወክዎ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ይህን ሁሉ ምርጫ ይተዉትና ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ከዚያ መለስ ያለ ከሆነ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ካርድዎን ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱን ፓኮ ይያዙ፤ በስንት ሰዓት እንደሚውጡት፣ በስንት ሰዓት እንደሚበሉም ሳይጠየቁ ይንገሩ።