አዲስ ኮምፒዩተር ከአሮጌ ዊንዶውስ ጋር፦ ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት ሊያሰላው የሚገባ ወጪ

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሱቁ ወይም ለመጋዘኑ ኮምፒዩተር የሚገዛ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋውንና «ጀነሬሽኑን»። የጀነሬሽኑ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ሻጩም ደላላውም ዋጋውን ከፍ አድርገው ይጠራሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ይዘለላል። ድርጅቱ ለዓመታት ሒሳቡን ሲይዝበት የኖረው አሮጌ ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ ይሠራል ወይ?

ይህ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በመሆኑም የማይሆን ማሽን መግዛት እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚታለፍ ኪሳራ አይደለም።

አሮጌው ለምን ተፈለገ?

በኢትዮጵያ የንግድ ድርጅቶች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው የሒሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ ነው። አምራቹ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙን ወደ ሴጅ 50 ቢለውጠውም፣ የ2010 እትምና ከዚያ በፊት የወጡት ፕሮግራሞች ከብዙ ቢሮ አልወጡም። እነዚህ እትሞች የተሠሩት ለዊንዶውስ ኤክስፒና ለቪስታ ዘመን ነው። የሒሳብ መዝገቡን ወደ አዲሱ እትም ማዛወር ቢቻልም፣ አንዴ ከተዛወረ በኋላ በአሮጌው ተመልሶ አይከፈትም።

የአማርኛ ጽሑፍ ሌላው ምክንያት ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ራሱ «ኒያላ» የተሰኘውን የግዕዝ ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤና ውል ይጻፍ የነበረው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስልት በሚከተሉ የግዕዝ ፕሮግራሞች ነበር። ፊደሉ በሌለበት ማሽን ላይ እንዲህ ያለው ሰነድ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይታያል።

ከዚህ በላይ የሕግ ግዴታም አለ። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ሰነዱን ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ኦዲተር በመጣ ጊዜ «መዝገቡ አለ፤ የሚከፍተው ማሽን ግን የለም» ማለት ነጋዴውን አያድነውም።

ማሽኑ ለምን እምቢ ይላል?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በማሽኑና በሥራ ፕሮግራሙ መካከል ቆሞ እንደሚያስማማ ደላላ ነው። ሁለቱንም ወገን ካላወቀ ማስማማት አይችልም። ዊንዶውስ 7 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2009 በመሆኑ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን አካል አያውቅም። ለምሳሌ ኢንቴል በ2015 ባወጣው 6ኛ ጀነሬሽን የቀድሞው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ተነስቷል። አዲሱን ደግሞ ዊንዶውስ 7 አያውቀውም። ስለዚህ ባለሙያው ድራይቨሩን አስቀድሞ ካላስገባ በስተቀር ፎርማት ሲጀመር ኪቦርዱና ማውሱ ሥራ ያቆማሉ።

በከፊል ምክንያቱ የኩባንያ ውሳኔም ነው። ማይክሮሶፍት በጥር ወር 2016 እ.ኤ.አ. 7ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በኋላ የሚመጡ ፕሮሰሰሮች በዊንዶውስ 10 ብቻ እንደሚደገፉ አስታወቀ። በሚያዝያ 2017 ደግሞ በእነዚሁ ማሽኖች ላይ ለተጫነ ዊንዶውስ 7 ማሻሻያ መስጠት አቆመ። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ በመሆኑ፣ በ1990ዎቹ የተሠሩ የ16 ቢት ፕሮግራሞች በላዩ አይሠሩም።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጀነሬሽኑን ያሳያል። «አይ5-6300» 6ኛ፣ «አይ5-8250» 8ኛ፣ «አይ5-10210» ደግሞ 10ኛ ነው። ለገዢው የሚጠቅመው ክፍፍል የሚከተለው ነው። እስከ 6ኛ ያሉት ዊንዶውስ 7ን ይቀበላሉ፤ 6ኛው ግን ከላይ እንደተጠቀሰው ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። ከ8ኛ ጀምሮ ያሉት በአብዛኛው ለዊንዶውስ 11 ብቁ ናቸው። ችግሩ ያለው 7ኛው ላይ ነው። ለዊንዶውስ 7 አዲስ፣ ለዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር አሮጌ ሆኖ መሐል ላይ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚገዛ ሰው በዋጋው ላይ የመደራደር መብት አለው።

ባለበት መቆየትስ?

የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ድጋፍ ሲያበቃ ማሽኑ አይቆምም፤ የተገኘበት ቀዳዳ ግን አይደፈንም። በግንቦት ወር 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው የኮምፒዩተር ተባይ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በብዛት የተጠቁት ማሻሻያው ያልተጫነላቸው የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ። ጉግል ክሮምም ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት እትሞቹ ዊንዶውስ 7ን አይደግፍም። ግብሩን በኢንተርኔት የሚያሳውቅና የባንክ ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚከታተል ነጋዴ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች የዊንዶውስ 10ን ማሻሻያ በክፍያ እስከ ሦስት ዓመት ያራዝማል። ክፍያው ለአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል። የሦስቱ ዓመት ድምር 427 ዶላር ነው። አሥር ኮምፒዩተር ያለው ድርጅት 4,270 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው።

አነስተኛ ወጪ ያለው መንገድ

አሮጌውን ዊንዶውስ በአዲሱ ማሽን ላይ በግድ ከመጫን ይልቅ የሚመረጠው፣ በአዲሱ ዊንዶውስ ውስጥ «ቨርቹዋል ማሽን» ከፍቶ አሮጌውን በዚያ ውስጥ ማኖር ነው። እንደ ቨርቹዋል ቦክስ ያለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ለአሮጌው ዊንዶውስ የሚያውቀውን ዓይነት ማሽን በሶፍትዌር ይሠራለታል። ዊንዶውስ 7 ከሥሩ 12ኛ ጀነሬሽን ይኑር 8ኛ ልዩነቱ አይታወቀውም። የሚያስፈልገው ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ የዊንዶውሱ ሕጋዊ ፈቃድና የአንድ ባለሙያ የሥራ ዋጋ ነው። የውስጡ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት መለያየት አለበት። ኢንተርኔቱና ባንኩ በውጭኛው፣ አሮጌው መዝገብ በውስጠኛው ይሠራሉ።

እንግዲህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መዝገቡን በሁለት ቦታ ይገልብጥ፤ ፕሮግራሙ በሚገዛው ማሽን ላይ ተከፍቶ፣ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ታትሞ ይይ። የአሮጌው ኮምፒዩተር ሽያጭ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ማሽን ከገበያ ይገዛል፤ የአምስት ዓመት መዝገብ ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ይህን ሳያረጋግጥ ለጀነሬሽን ቁጥር ብቻ የሚቸኩል ነጋዴ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል።