ገብስ፣ ተልባና የልብ ሕመም

በጉባኤያትና በፕሮጀክት ጣቢያዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የደም ብዛት አለብህ ተብዬ ኪኒን ታዞልኛል፤ ተልባና ነጭ ሽንኩርት ከወሰድሁ ኪኒኑን ልተወው ወይ?» የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ አትተዉት። ይሁን እንጂ በጥያቄው ውስጥ ጥቂት እውነት ስላለ እርሱን ማብራራት ይገባናል።

ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ ሽቅብ ሲወጣ ስንዴው እየቀነሰ ገብሱ እየበዛ ይሄዳል። በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የገብስ አጥሚት የሚወፍረው በከፊል በእርሱ ምክንያት ነው። በአንጀት ውስጥም እንዲሁ ይዝለገለጋል። ጉበት ቅባትን የሚያሟሟውን ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ሲሆን፣ አብዛኛው ሐሞት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከአንጀት ወደ ጉበት ይመለሳል። ቤታ ግሉካን ግን ከፊሉን ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጣዋል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል፤ የደም ሥርን የሚያጠብበው ክፉው ኮሌስትሮል በዚህ መንገድ ይቀንሳል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ለአጃ፣ በ2006 ደግሞ ለገብስ፣ ቅባት ከቀነሰ አመጋገብ ጋር በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ እንደሚችል በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ይህን ያህል ለማግኘት ከ60 እስከ 75 ግራም ገብስ፣ ማለትም ሁለት ጭብጥ ቆሎ ያህል ይበቃል። የሚገኘው ለውጥ ግን ትልቅ አይደለም፤ ክፉው ኮሌስትሮል ከመቶ 5 እስከ 7 እጅ ያህል ቢቀንስ ነው።

የአሰላ ብቅል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአርሲ ገብስ ጥሩ ገዥ አግኝቷል፤ ለገበሬው ገቢ ነውና አንቃወምም። ነገር ግን ገብስ ብቅል ሲሆን ይኸው ቤታ ግሉካን ይፈርሳል፤ ቢራውን ለማጣራት ስለሚያስቸግር ብቅል ሠሪዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ «ቢራም ገብስ ነው» የሚሉ ወዳጆቻችን ክርክራቸው አያዋጣም። እኛን ይበልጥ የሚያሳዝነን ግን ገብሱን የድሃ ምግብ ነው ብሎ ሸጦ ፉርኖ ዱቄትና ማካሮኒ የሚገዛ ቤተሰብ ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው በቤቱ ይቅርለት። ጩኮ በቅቤ የሚለወስ ስለ ሆነ ለበዓል ይቆይ፤ በበሶውም ላይ ጨው አይብዛ።

ተልባን በተመለከተ የእናቶቻችን አሠራር ትክክል ነው። ዘሩ ሳይፈጭ ቢዋጥ እንዳለ ያልፋል፤ ተቆልቶ ሲወቀጥ ግን ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ቅባት ለሰውነት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የወጣ ጥናት፣ የእግር ደም ሥር የጠበበባቸው ሕሙማን በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ6 ወር በልተው ላይኛው የደም ግፊታቸው በ10 ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። አብዛኞቹ ግን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነበር፤ ይህ እንዳይዘነጋ። የተወቀጠ ተልባ ቶሎ ስለሚበላሽ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ። ዝልግልጉ ኪኒን ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን አስቀድማችሁ ወስዳችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ።

በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የምናየው የልብ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ እርሱን ገብስም ተልባም አይደርሱበትም። በባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ይጀምርና የልብን በሮች ያበላሻል። የሚከላከለው ፔኒሲሊን ነው፤ አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን መርፌ ለዓመታት ሳያቋርጥ መከታተል አለበት። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ጉሮሮውን አሞት የሚያተኩሰውን ልጅ «ነጭ ሽንኩርት በማር ስጡት» ብላችሁ አትመልሱት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

የልብ በራቸው በቀዶ ሕክምና ተለውጦ ዋርፋሪን የሚወስዱ ወገኖችም አሉ። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዚህን መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ሲበዛ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ጎመን አይከለከሉም፤ ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ትተው አንድ ቀን አብዝተው ከሚበሉ መጠኑን እኩል ያድርጉ፤ አመጋገባቸው በሚለወጥበት ወቅትም የደም ምርመራው ቶሎ እንዲደረግላቸው ለሐኪማቸው አስቀድመው ይንገሩ።