ቅርጽ ብቻ የሚያይ ከሰል

የፀረ ተባይ ቅሪትን ለመለካት የስፒናች ናሙና ተፈጭቶ በአሴቶናይትራይል ሲነጠር ፈሳሹ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ያደረገው ክሎሮፊል እንዳለ ወደ መለኪያው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ከገባ ማስገቢያውንና ዓምዱን ያቆሽሻል፤ የፀረ ተባይ ቅሪቱም ልኬት ይዛባል። ስለዚህ በከፍተኛ ሙቀት ወደ ግራፋይትነት የተቀየረ የካርቦን ዱቄት፣ ማለትም ከሰል፣ ይጨመርበታል፤ ተንጦ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ፈሳሹ ይጠራል። ይህን መጥራት የጥሩ ምርመራ ምስክር አድርጎ መውሰድ ግን ስሕተት ነው። የግራፋይት ገጽ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው፤ አጥብቆ የሚይዘውም እንደ ራሱ ዝርግ የሆነውን ሞለኪውል ነው። የክሎሮፊል ቀለበት ዝርግ ነው፤ ሄክሳክሎሮቤንዚንና ታያቤንዳዞል የተባሉት ፀረ ተባዮችም እንዲሁ። ከሰሉ ቆሻሻውን ከተፈላጊው አይለይም።

ታዲያ ከሰሉን ትቶ በሌላ ማጥሪያ መተካት አይሻልም? ፒኤስኤ የተባለው አሚን አዘል ሲሊካ የቅባት አሲዶችንና ስኳሮችን ያነሣል፤ ክሎሮፊልን ግን እምብዛም አይነካም። ከሰሉ የያዛቸውን ፀረ ተባዮች ቶሉይን በተባለ አሟሚ ማስለቀቅ ይቻላል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ቶሉይን ግን ከቀለሙም የተወሰነውን ይዞ ይመለሳል፣ ከአሴቶናይትራይል ይልቅም ለመትነን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር መጠኑ ነው። ኢኤን 15662 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ እንደ ካሮት ላሉት በአንድ ሚሊሊትር ፈሳሽ 2.5 ሚሊግራም ከሰል፣ እንደ ስፒናች ላሉት 7.5 ሚሊግራም ያዛል። በቱቦው ውስጥ ስስ አረንጓዴነት ከቀረ የከሰሉን ገጽ ክሎሮፊል ሞልቶታል ማለት ነውና ዝርግ ፀረ ተባዮች ብዙ አልጠፉም። የሚያጠራጥረው እንደ ውሃ የጠራው ፈሳሽ ነው።